መንገድ ለሳቱት የሚገባ ርኅራኄ

በአሽቀሎን ከተማ በራማት ኤሽኮል ሰፈር ለተሰበሰቡ ወገኖች የተነገረ ዲስኩር



በዚህ በራማት ኤሽኮል ሰፈር፥ ከጎንደርና ከወገራ፥ ከሰሜንና ከቋራ፥ ከደምቢያና ከትግራይ የመጣን ሰዎች በአንድ ሕንፃ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ብዙ ዘመን አሳልፈናልና፥ በአንዱ ቤት የገባው ኀዘን ከሌላው ቤት አይሰወርም፤ ስለዚህም፥ እግዚአብሔርን እፈልጋለሁ ብሎ ወጥቶ በሐሳዌ መምህር እጅ ስለ ወደቀ ሰው በዛሬው ምሽት ልናገር ስነሣ፥ ስለ ሩቅ ሰው እንደማልናገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ነቢይ ነኝ» የሚል፥ «የቤትሽን መርገም አያለሁ» የሚል፥ «ምሥጢሩ የተገለጠው ለእኔ ብቻ ነው» የሚል ሰው በየትኛውም ዘመን ታጥቶ አያውቅም። የእርሱ ፍርድ በኦሪት የተጻፈ ስለ ሆነ እኔ የምጨምርበት የለኝም፤ የዛሬው ነገሬ ስለ ተከተሉት ሰዎች ነው፤ አሳቹ ገንዘቡን ይዞ ሲሰወር በመካከላችን የሚቀሩት እነርሱ ናቸውና፥ ከዚያም በኋላ እኛ በምላሳችን የምናደርስባቸው ጉዳት አሳቹ ካደረሰባቸው የሚከፋበት ጊዜ አለና።

አስቀድመን የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፥ አባ ማህሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ የመዳን ጊዜ ደርሷል ብለው ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም ሊመሩ ተነሡ። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለው፥ ከጀርመን አይሁድ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ ሚሲዮናዊ፥ በለንደን በተቋቋመ ማኅበር ስም መጥቶ በአባቶቻችን መንደሮች መስበክ ጀምሮ ነበርና፥ ክርክሩም እስከ ንጉሡ ፊት ደርሶ ነበርና፥ ሕዝቡ ሃይማኖቱ ከእጁ ሊወጣ የተቃረበ መስሎ ታየው። በዚህ ጭንቅ መካከል «ኢየሩሳሌም» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ፥ ገበሬው በሬውን ፈትቶ፥ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ትታ፥ ቀጥቃጩ ወናፉን ጥሎ፥ ሕፃን ያላት ሕፃኗን አዝላ፥ ለሙሴ የተከፈለው ባሕር ለእኛም ይከፈልልናል በሚል ተስፋ ተከተለ። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ግን ረዥም ነበር፤ ትግራይ ደርሰው በአክሱም አካባቢ ሳሉ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው፤ ብዙዎቹ በመንገድ ወድቀው ቀሩ፥ ከተረፉትም አንዳንዶቹ በዚያው በትግራይ መኖሪያ አበጁ፥ ሌሎቹም ወደ ተዉት መንደራቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካ፥ አባ ማህሪ በበትራቸው ውኃውን መቱት፥ ውኃውም አልተከፈለም ይባላል።

እኔ ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ስሰማ በሳቅ ወይም በፌዝ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚነገረው ድምፅን ዝቅ በማድረግ ነው፤ የሞቱትን ሞኞች ናቸው ያለ፥ የተመለሱትንም ይበላችሁ ያለ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ስለ ምን? የፈለጉት ነገር እውነተኛ እንደ ነበረ እናውቃለንና። ኢየሩሳሌም በስፍራዋ ነበረች፤ የተሳሳተው ቀኑና መንገዱ ነው። ከ122 ዓመት በኋላ፥ በ1984፥ የእነዚያው ሰዎች የልጅ ልጆች በሱዳን በረሃ ተጉዘው፥ በዚያም ወደ 4,000 የሚሆኑ ነፍሳት ጠፍተው፥ በሕይወት የተረፉት እዚህ ደረሱ። ከነዚህም ውስጥ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ አላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ተጓዦች ማነወር የሁለተኞቹን ናፍቆት ማነወር እንደ ሆነ ስለምታውቁ ታከብሯቸዋላችሁ። እንግዲህ ለሞቱት የሰጠነውን ይህን ርኅራኄ፥ በጎረቤታችን በሕይወት ላለው የተሳተ ሰው ለምን እንነፍገዋለን?

በዚህ ስፍራ ግን አንድ ነገር ለይቼ መናገር ይገባኛል። አባ ማህሪን ከአታላዮች ጋር የምቆጥራቸው አይደለሁም። በፊት በፊት የሄዱት፥ ሕዝቡ ሲራብ የተራቡት፥ ከተከተሏቸው ሰዎች አንዳች ያልተጠቀሙ እርሳቸው ናቸው፤ የሳቱ መሪ ናቸው ለማለት ይቻል ይሆናል፥ አሳች ናቸው ለማለት ግን አይቻልም። አሳች የሚባለው፥ ተከታዩን ጹም ብሎ እርሱ የሚበላ፥ ተከታዩን ሽጥ ብሎ እርሱ የሚገዛ ነው። ይህን ልዩነት የማያይ ሰው ለመፍረድም ለመራራትም አይበቃም።

ደግሞም ያ ታላቅ መከራ የፍለጋውን ጥም አላጠፋውም። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1867፥ ዮሴፍ ሐሌቪ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ወደ አባቶቻችን አገር ሄዶ እኔም እንደ እናንተ የእስራኤል ልጅ ነኝ ባላቸው ጊዜ፥ ነጭ አይሁዳዊ አይተው የማያውቁ ናቸውና አላመኑትም፤ የኢየሩሳሌምን ስም ባነሣ ጊዜ ግን ልባቸው ተከፈተ፥ በዓይንህ አይተሃታልን ብለውም ይጠይቁት ጀመር። ዘመዶቻቸውን በመንገዷ ላይ የቀበሩ ሰዎች ናቸው ይህን የጠየቁት!

የመዳን ተስፋ ይዞ መሳት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1172 በየመን አገር አንድ ሰው የመሢሕ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ተነሥቶ፥ በግዴታ ሃይማኖታቸውን ሊለውጡ በተጨነቁ አይሁድ መካከል ብዙዎችን ባስከተለ ጊዜ፥ የየመን ሊቃውንት በግብፅ ወደ ነበረው ወደ ሊቁ ሙሴ ማይሞኒደስ፥ ራምባም ወደምንለው፥ ጽፈው ጠየቁት። ራምባም ሐሰትን የማይታገሥ፥ በትምህርት ነገር ላይ ብረት የሆነ ሰው ነው፤ ሆኖም በመልሱ ስለዚያ ሰው የሰጠው ፍርድ አእምሮው የታመመ ነውና ባላመጣው ደዌ አይነቀፍም የሚል ነበር፤ ስለ ተከታዮቹም ሲጽፍ፥ የሚኖሩበት መከራ ክፉ ስለ ሆነና ስለ መሢሕ የሚገባውን ትምህርት ስላላገኙ እንደ ተታለሉ ገልጾ፥ በእነርሱም እንደማይደነቅ ተናገረ። እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ልብ አድርጉልኝ፤ አንዱ መከራ ነው፥ ሁለተኛው የትምህርት ጉድለት። ራምባም ይህን የጻፈው ከምቾት ወንበር ላይ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ከወላጆቹ ጋር ከኮርዶባ ተሰዶ፥ በሰሜን አፍሪካ በፌዝ ከተማ ሃይማኖት በሚገደድበት አገዛዝ ሥር ኖሮ የወጣ ሰው ነበር። ያ የየመን ሰው በመጨረሻ ተይዞ በንጉሡ ፊት ሲቀርብ፥ ራሴን ብትቆርጡኝ እነሣለሁ ብሎ ተቆረጠ፤ ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ከመቃብር ይነሣል ብለው የሚጠብቁ እንዳሉ ራምባም ራሱ በሌላ ደብዳቤ ጽፏል።

ወደ ቅርባችን ስንመለስ፥ ከዚህ ከአሽቀሎን በስተ ደቡብ በምትገኘው በጋዛ በ1665 ናታን የተባለ ወጣት ሊቅ ሳብታይ ጽቢን መሢሕ ነው ብሎ አወጀ። ወሬው ከየመን እስከ ፖላንድ፥ ከቱርክ እስከ ሆላንድ ዞረ። በጀርመን አገር ትኖር የነበረች ግሊክል የተባለች ነጋዴ ሴት ስለዚያ ዘመን በጻፈችው ማስታወሻ እንደምትተርከው፥ አማቷ ቤቱንና ያለውን ሁሉ ትቶ፥ አተርና ባቄላ፥ የደረቀ ሥጋና የደረቀ ፍሬ፥ ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ ሁሉና ልብስ በበርሜል አሽጎ፥ ወደ ቅድስት አገር የሚሻገርበት መርከብ እስኪገኝ ድረስ ወደ ሃምቡርግ ላከ። በርሜሎቹ ከዓመት በላይ ተቀምጠው ሥጋው እንዳይበላሽ ተብሎ ምግቡ ወጣ፤ ልብሱ ግን፥ ሽማግሌው ተስፋ መቁረጥ አቅቶት፥ ሦስት ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆየ። መሢሕ የተባለውም በ1666 በቱርኩ ሡልጣን ፊት ቀርቦ ጥምጥም ጠምጥሞ እስላም ሆነ። ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጥራችሁ በሌሊት ወደ ሱዳን የወጣችሁ እናቶች፥ ያንን በርሜል ያሸገውን ሽማግሌ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ ስንቅ ነው፤ የእናንተ ደረሰ፥ የእርሱ አልደረሰም።

ኦሪትስ ምን ትላለች የሚል ቢኖር፥ መልሱን ሳላለዝብ ልናገር። በዘዳግም ምዕራፍ 13፥ አሳቹ ነቢይ ምልክት ቢሰጥና ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ አትስሙት ይላል፤ ወደ ሌላ አምልኮ በሳተች ከተማ ላይም ጽኑ ፍርድ ተጽፏል። ይህን ጽኑ ቃል ያነበቡ የታልሙድ ጠቢባን ግን ምስክርነቱን፥ ምርመራውንና ሥርዓቱን እስከ ዳር ከመረመሩ በኋላ፥ ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንዲህ ያለች ከተማ በውኑ አልነበረችም፥ ወደ ፊትም አትኖርም እስከ ማለት ደረሱ። ራምባምም ከአባቶቻቸው በወረሱት ስሕተት ስላደጉ ሰዎች ሲፈርድ፥ በሕፃንነቱ ተማርኮ በባዕድ አገር ካደገ ልጅ ጋር አስተካክሏቸው፥ በሰላም ቃል እየሳቡ መመለስ ይገባል አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የሚቆጣው በእረኞቹ ላይ ነው፤ የባዘኑትን በጎች የሚያነሣቸው ሊፈልጋቸውና ስብራታቸውን ሊጠግን ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤልም ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ታሪክ አለ። ሳኦል መናፍስት ጠሪዎችን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ሳለ፥ እግዚአብሔር ዝም ባለው ጊዜ፥ ልብሱን ለውጦ በሌሊት በዓይንዶር ወዳለች መናፍስት ጠሪ ሄደ። ሥራው ኃጢአት እንደ ሆነ መጽሐፉ አይሰውርም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ በምድር ላይ ተዘርግቶ በወደቀ ጊዜ፥ ያቺው ሴት ጥጃዋን አርዳ፥ ዱቄት ለውሳ ቂጣ ጋግራ አበላችው። እርሷ ይህን ያህል ከራራች፥ ኦሪትን በእጃችን የያዝን እኛ ምን ያህል ልንራራ ይገባን ይሆን?

አሁን ከመጽሐፍ ወደ ደረጃችን ልውረድ። ስሟንም ቤቷንም የማልናገረው አንዲት እናት፥ ባልዋ ከሞተ በኋላ እንቅልፍ ያጣች፥ ወንድ ልጇ ከሥራ ወጥቶ ያዘነች፥ የስኳር ሕመምም ያለባት ሴት ነበረች። በጤና መድኅኑ ክሊኒክ፥ በኩፓት ሆሊም፥ ሐኪሙ የሚነግራትን ሴት ልጇ በችኮላ ታስተረጉምላታለች፤ በምኵራብ ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው፥ ገጹን ሌላ ሰው ይገልጥላታል። በዚህ ጊዜ ባለ ራእይ ነኝ የሚል ሰው በስልክ አገኛት፤ በአማርኛ፥ በለዘበ ድምፅ፥ እንደ ልጅ «እማማ» እያለ፥ እስከ እኩለ ሌሊት ታሪኳን አዳመጠ። ይህን ያደረገላት ሌላ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ሼቄል ላኪ አላት፤ ቀጥሎ ለልጆችሽ አትንገሪ፥ እነርሱ አያምኑም አላት፤ በመጨረሻም ክኒኑ የእምነት ማነስ ነውና ተዪው አላት። ተወችው፥ ወደቀችም፥ ወደ ሆስፒታልም ተወሰደች። እርሱ ግን ጉድለቱ ከእምነትሽ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሁሉ በዚህ ቃል ይጨርሳሉ፤ ያልተፈጸመውን የተስፋ ቃላቸውን የሚያላክኩት በተከታዩ ላይ ነው።

ከሆስፒታል ስትመለስ ያገኘችው ምን ነበር? ልጇ ጮኸችባት፤ ጎረቤት በደረጃው ላይ ተጠቃቀሰ፤ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው ቀደማት። ከዚያ ወዲያ ቡና ጠርታም ተጠርታም አታውቅም ነበር፤ በሰንበትም አልወጣችም። ይህ ብቸኝነት ያ ሰው ያበጀላት ብቸኝነት ነበር፤ እኛ ጨረስንለት። የመለሳት አንዲት አሮጊት ጎረቤቷ ናት። ጀበናዋን ይዛ በየጠዋቱ ትገባለች፥ ሦስተኛውን ጠጥታ ትወጣለች፥ ስለ ገንዘቡም ስለ ሰውየውም አትጠይቅም። ከብዙ ቀን በኋላ ያቺ እናት ራሷ አወራቻት፤ አሮጊቷም «እኔም በሱዳን ሳለሁ ልጄ ሲታመምብኝ ስንቱ ጋ ሄጃለሁ» ብላ መለሰችላት። ክኒኑንም በማግሥቱ አብረው ሄደው አመጡት።

ርኅራኄ ሲባል አሳቹን መሸፈን ነው ብሎ የሚፈራ ቢኖር፥ እኔ እንዲህ አላልሁም። ገንዘብ በማታለል የወሰደ ሰው ለፖሊስ ይነገርበታል፤ መድኃኒት ያስጣለ ሰው ስሙ በአደባባይ ይጠራል፤ ለእርሱ ስንል ዝም ካልን ለቀጣዩ ሰው አልራራንም። ቍጣችን ወደ እርሱ፥ እጃችን ወደ ተሳተው ይሂድ ነው የምለው፤ የእኛ ልማድ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ አሳቹን እንፈራዋለን፥ የተሳተውን እንሰድበዋለን። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የተጠጉ የኤድስ ሕሙማን መድኃኒቱን እየጣሉ ይሞቱ በነበረ ጊዜ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። ሃይማኖቱ የእኛ ባይሆንም ጥበቡን አደንቃለሁ፤ ሕመምተኛው በእምነቱና በነፍሱ መካከል እንዲመርጥ አላስጨነቁትምና።

ወደ ምክንያቱ ልመለስ፥ ራምባም ወደ ጠቀሰው ወደ ትምህርት ጉድለት። ሚሲዮናውያኑ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አባቶቻችን መንደር ሲመጡ፥ የያዙት ኃይል በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ኦሪታችን በግእዝ ነበረች፤ የሚያውቋት ቄሶችና ደብተራዎች ነበሩ፤ ገበሬው ግን የአምላኩን ቃል በሚሰማው ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከባዕድ እጅ ነው። ከተከተሏቸው ሰዎች መካከል ለጥቅም የሄደ አይጠፋም፤ ቃሉን ተርቦ የሄደ ግን እንደ ነበረ አምናለሁ። በኋላም ክፉ ቀን የምንለው የ1888 እስከ 1892 ረኃብ መጣ፥ ብዙ ቤትም ተበተነ። ሚሲዮናውያኑን የተከተሉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ወደ ወገናቸው ሲመለሱ፥ ከመካከላችን ፊቱን የሚያጠቁርባቸው አለ። በ1985 የራቢዎች ጽሕፈት ቤት፥ ራባኑት፥ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራልና ለጥርጣሬው ተጠመቁ ባለን ጊዜ፥ በኢየሩሳሌም በራባኑት ደጃፍ አንድ ወር ያህል የተቀመጥን ሕዝብ ነን። በደጅ መመርመር እንዴት እንደሚያም የሚነግረን ሌላ ሰው አያስፈልገንም።

ያ ክፍተት ዛሬም በሌላ መልክ አለ። ቄሶቻችን በግእዝ ይጸልያሉ፥ ምኵራቡ በዕብራይስጥ ይጸልያል፥ ወጣቱ ግእዙን አያውቅም፥ አሮጊቷ ዕብራይስጡን አታውቅም፤ በመካከሉ በአማርኛ የሚናገር ማንም ሰው፥ ምንም ቢናገር፥ ሰሚ ያገኛል። ወጣቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ማንነታቸውን ፍለጋ በየሥፍራው ሲንከራተቱ፥ እኛ ጊዜ ስላልሰጠናቸው ጊዜ የሰጣቸውን ሁሉ ጌታ ያደርጋሉ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቄሶቻችንና ራቢዎቻችን፥ በሰንበት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት በአማርኛ አስተምሩ፤ ሰው የሚያፍርበትን ጥያቄ፥ ስለ ዛር፥ ስለ ቡዳ፥ ስለ ሕልምና ስለ መርገም ያለውን ጥያቄ፥ ሳትቆጡ ስሙ። ሐኪም ቤት የምታስተረጉሙ ልጆች፥ ከወረቀቱ ላይ ያለውን ካስተረጎማችሁ በኋላ እናታችሁ ምን ልትጠይቅ እንደ ፈለገች ደግሞ ጠይቋት። በቤታችሁ የተሳተ ሰው ያለባችሁ፥ ማለዳ ማለዳ ደውሉለት፤ ስለ ነገሩ ባያወራችሁም ደውሉለት፤ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ በሩ እንዲከፈትለት ቁልፉን አትለውጡ። ይህን ዲስኩር የምትሰሙ፥ አሁንም በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ያላችሁ ደግሞ፥ ከመሄዳችሁ በፊት በዚህ በኋለኛው በር አጠገብ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱን አነጋግሩ፤ ስማችሁን አይጠይቋችሁም።